ደምና ወባ፦ የፕሮፌሰር ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን የሕይወት ታሪክ

የወባ ሕክምና አገልግሎት ከሚያገኙ ተገልጋዮች ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው ተገቢ ነው። አንደኛው፣ ትናንት በየጤና ተቋሙ ይታዘዝ የነበረ መድኃኒት ወይም መመርመሪያ ዛሬ በሌላ የሚተካው ለምንድን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚያድሩና በአንድ ዓይነት ትንኝ ከሚነደፉ ልጆች መካከል አንዱ በጽኑ ሲታመም ሌላው በቀላል ትኩሳት የሚያልፈው ስለ ምን እንደሆነ ማወቅን ይሻል። የሁለቱም መልስ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፤ ይኸውም በሽታ አምጪው ጥገኛ ተሕዋስና ጥገኛው የሚኖርበት አካል በረጅም ዘመን ውስጥ አንዱ ሌላውን እየለወጠ የሚኖር መሆኑ ነው። ይህንን ሐሳብ ከሰው ደም ጋር አያይዘው በግልጽ ካስቀመጡት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ ብሪታኒያዊው የዘረ መል ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ጆን በርደን ሳንደርሰን ሃልዴን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሃልዴን ኖቬምበር 5 ቀን 1892 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆን ስኮት ሃልዴን ስለ ሰው አተነፋፈስ ባካሄዱት ምርምር የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ በከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ሠራተኞችን ይፈጅ የነበረውን መርዘኛ አየር ለማጥናት ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ ይወርዱ፣ አየሩንም በገዛ ሰውነታቸው ላይ ይፈትኑ ነበር። ማዕድን ቆፋሪዎች አደገኛ አየርን አስቀድመው እንዲያውቁ ትንንሽ ወፎችን ይዘው የመውረድ ልማድ የተስፋፋውም በእኚሁ ሊቅ ምክር ነው። ልጃቸውን ገና በሕጻንነቱ ወደ አንድ ጉድጓድ ይዘውት ወርደው፣ ቀላሉ ጋዝ በሚጠራቀምበት ጣሪያ ሥር ቆሞ ከሼክስፒር ተውኔት አንድ ረጅም ንግግር በቃሉ እንዲያሰማ አዘዙት። ልጁ ጥቂት እንደተናገረ ትንፋሽ አጠረውና ወደቀ፤ ጋዙ ከአየር የቀለለ በመሆኑ ወለሉ አጠገብ ያለው አየር ንጹሕ ስለነበር ግን ወዲያው ነቃ። በዛሬ ዓይን ሲታይ ይህ ዓይነቱ ትምህርት የሕጻናት ደኅንነት ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ሃልዴን ግን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም፤ አንድ ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በራስ ላይ መፈተን ይገባል የሚለውን የአባታቸውን ልማድም ወርሰዋል።

በታዋቂው የኢተን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያ ሒሳብን፣ ቀጥሎም የጥንታዊ ግሪክና ሮም ሥነ ጽሑፍንና ፍልስፍናን አጠኑ። ከዘመኑ ታላላቅ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት አንዱ ለመባል የበቁት ሰው በሳይንስ ዘርፍ አንድም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበራቸው መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። ትምህርታቸውን በ1914 እንዳጠናቀቁ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በስኮትላንዳውያን ክፍለ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነው በፈረንሳይና በሜሶፖታሚያ ተዋጉ፤ በሁለቱም ግንባሮች ቆሰሉ። ለማገገም የተላኩት ወደ ሕንድ ነበር፤ ያቺን አገር ያኔ ወደዷት፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ተመልሰው ኖሩባት። ከእኅታቸው ከናኦሚና ከአንድ ወጣት ባልደረባቸው ጋር በአይጦች ላይ ያካሄዱት የውርስ ጥናት በ1915 ታትሞ ሲወጣ ባልደረባቸው በጦርነቱ ሞቷል። ጥናቱ በአጥቢ እንስሳት ሁለት የዘር ባሕርያት ተያይዘው ሊወረሱ እንደሚችሉ ያሳየ ቀዳሚ ሥራ ነው።

ከ1923 ጀምሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ መምህርነት ሠሩ። በእነዚህ ዓመታት የደምን የአሲድ መጠን ለመለዋወጥ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን እየጠጡ በራሳቸው ላይ ሙከራ አካሂደዋል። ከዚህ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን በወረቀትና በእርሳስ የሠሩት ሥራ ነው። የቻርልስ ዳርዊን የተፈጥሮ ምርጫ ሐሳብ እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኛው በቃል የሚነገር ነበር፤ በየትኛው ፍጥነት እንደሚሠራ ያሰላ ሰው ጥቂት ነበር። ሃልዴን ከ1924 ጀምሮ ባሳተሟቸው ተከታታይ ጽሑፎች አንድ ዘረ መል ለባለቤቱ ጥቂት ብልጫ ቢሰጠው ከስንት ትውልድ በኋላ በሕዝቡ ውስጥ እንደሚስፋፋ በቀመር አሳዩ። በማንቸስተር ከተማ አካባቢ የፋብሪካ ጥላሸት ዛፎችን ካጠቆረ ወዲህ ነጣ ያሉት የእሳት ራቶች በጥቁር ዓይነቶች የተተኩበትን ፍጥነት ሲያሰሉ፣ ጥቁሮቹ በግማሽ ያህል ብልጫ ሊኖራቸው እንደሚገባ አገኙ። የተፈጥሮ ምርጫ በሚሊዮን ዓመታት ብቻ የሚታይ ሳይሆን በአንድ ሰው ዕድሜ ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሮናልድ ፊሸርና ስዋል ራይት ከተባሉት ሁለት ሊቃውንት ጋር የዘመናዊው የዝግመተ ለውጥ ስሌት መሥራቾች ተብለው ይጠራሉ።

በ1932 የብሪታኒያ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛውረው እስከ 1957 አስተማሩ። በ1939 ቴቲስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ሰጥማ 99 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ሰው ከሰጠመ መርከብ በሕይወት የሚወጣበትን መንገድ እንዲያጠኑ ተጠየቁ። በብረት ክፍል ውስጥ ተዘግተው የአየሩን ግፊትና ቅንብር እየለዋወጡ ከባልደረቦቻቸው ጋር በራሳቸው ላይ ሞከሩ፤ በአንዱ ሙከራም የጀርባ አጥንታቸው ተጎድቶ ሕመሙ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

ሃልዴን ለተራው ሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ስለ ሳይንስ በጋዜጣ የመጻፍ ልዩ ስጦታ ነበራቸው። የሚጽፉበት ጋዜጣ የብሪታኒያ ኮሚኒስት ፓርቲ ልሳን ነበር፤ እርሳቸውም በ1942 የፓርቲው አባል ሆኑ። በዚህ ረገድ የሕይወት ታሪካቸው ነቀፋ የለሽ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው ሰው የዘረ መልን ሳይንስ አስወግዞ ሊቃውንቱን ሲያሳድድ፣ የሃልዴን ድምፅ ሊሰማ የሚገባውን ያህል አልተሰማም። በ1928 ወደዚያች አገር የጋበዟቸው ታላቁ የዕጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1943 በእስር ቤት ሞቱ። ቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የአገራችንን የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰቡ፣ ምድራችንም የብዙ አዝርዕት መገኛ መሆኗን ለዓለም ያስታወቁ ሰው ናቸው። ሃልዴን ከፓርቲው የራቁት ዘግይተው ነው፤ ለእውነት ሲሉ መርዘኛ አየር የተነፈሱ ሰው በዚህ ጉዳይ ማመንታታቸው ከሥራቸው ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ታላሴሚያ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ሲሆን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች በብዛት ይታያል። አንድ ሰው ከእናቱም ከአባቱም አንዳንድ ቅጂ ዘረ መል ይወርሳል። የታላሴሚያን ዘረ መል ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው እምብዛም አይታመምም፤ ተሸካሚ ይባላል። ከሁለቱም የወረሰ ሕጻን ግን በጽኑ የደም ማነስ ይሠቃያል፤ በዚያ ዘመን ከነበረው ሕክምና አንጻርም ወልዶ ለመሳም ዕድሜ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ቢጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

እዚህ ላይ እንቆቅልሽ አለ። ሕጻናትን እየገደለ አብሯቸው የሚቀበር ዘረ መል በየትውልዱ እየቀነሰ ሄዶ ብርቅ መሆን ነበረበት። በኢጣሊያ አንዳንድ አውራጃዎች ግን ተሸካሚው እጅግ ብዙ ነበር። በ1940ዎቹ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያቀረቡት ማብራሪያ ዘረ መሉ ደጋግሞ እንደ አዲስ ይፈጠራል የሚል ነበር። ሃልዴን አዳዲስ የዘረ መል ለውጦች በሰው ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከሠቱ ደም ያለማቋረጥ በሚፈስሰው በሽታ በሄሞፊሊያ ላይ በ1935 ያሰሉ ሰው ስለነበሩ፣ ለታላሴሚያ የተገመተው ፍጥነት ከሚታመን በላይ መሆኑን ወዲያው አዩ። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ብቻ ዘረ መል እንዲህ የሚፈጥንበት ምክንያትም አልታያቸውም።

በ1948 በስቶክሆልም በተደረገው ዓለም አቀፍ የዘረ መል ሳይንስ ጉባኤ ላይ የተለየ ሐሳብ አቀረቡ። የተሸካሚዎቹ ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌላው ሰው ያነሡ ናቸው፤ ምናልባትም የወባ ጥገኛ በእነርሱ ውስጥ እንደልቡ አይራባም ይሆናል አሉ። በሽታው የበዛባቸው አውራጃዎች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወባ የጸናባቸው ረግረጋማና ቆላማ ስፍራዎች ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ሕጻን ሁለት ቅጂ ወርሶ በደም ማነስ ሲሞት፣ አንድ ቅጂ የያዙት ዘመዶቹ ወባ ከሚገድላቸው ጎረቤቶቻቸው ይልቅ በሕይወት ተርፈው ዘረ መሉን ያስተላልፋሉ። ኪሳራውና ትርፉ ተመዛዝነው ዘረ መሉ ሳይጠፋም ሳይነግሥም ይኖራል ማለት ነው።

ሐሳቡ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች የቀረበ ግምት እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ሃልዴንም ወደ መስክ ወጥተው አልፈተኑትም። ያም ሆኖ ትርጉሙ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ የደም በሽታ ያለበት ልጅ የወለዱ ወላጆች በብዙ አገር በእርግማን ወይም በጥፋት ሲጠረጠሩ ኖረዋል፤ ባልና ሚስትም አንዱ ሌላውን ሲወቅስ ይሰማል። የሃልዴን ሐሳብ የሚለው ግን ዘረ መሉ በቤተሰቡ ውስጥ የተገኘው ቀደምት አያቶች ከወባ እንዲተርፉ ስለ ረዳ ነው፤ ልጁ የሚከፍለው ዕዳ የብዙዎች መትረፊያ ሆኖ የቆየ ነው።

በ1949 በአንድ የኢጣሊያ የሳይንስ መጽሔት ላይ በሽታንና ዝግመተ ለውጥን የሚመለከት አጭር ጽሑፍ አወጡ። በዚያ ዘመን ሊቃውንት ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ሲናገሩ የሚያነሡት ቅዝቃዜን፣ ረሃብንና አዳኝ አራዊትን ነበር። ሃልዴን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ተላላፊ በሽታ ሕያዋንን በብርቱ የሚቀርጽ ኃይል መሆኑን አስረዱ። ለአይጥ ድመትን ከመቋቋም ይልቅ አንድን ተሕዋስ የሚቋቋም ዘረ መል ማግኘት ይቀልላታል የሚል ንጽጽርም ሰጡ፤ ድመትን ለማምለጥ መላ አካል መለወጥ ሲኖርበት፣ ተሕዋስን ለመከላከል ግን በደም ውስጥ ያለ አንድ ኬሚካል መለወጡ ሊበቃ ይችላልና።

ከጽሑፉ ሁሉ አርቆ የሚያየው ክፍል ግን ስለ ጥገኛው አጸፋ የሚናገረው ነው። ጥገኛ ተሕዋስም ዘር አለው፤ እርሱም ይመረጣል። ብዙ ሰው አንድ ዓይነት መከላከያ ካለው ያንን መከላከያ ማለፍ የቻለ ጥገኛ ሰፊ ማሳ ያገኛል። በመሆኑም የተለመደው ዓይነት ውሎ አድሮ ዒላማ ሲሆን፣ ብርቅ የሆነው ዓይነት ለጊዜው ይድናል፤ ብርቁም ሲበዛ በተራው ዒላማ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ የደም ዓይነትና የመሳሰለው ልዩ ልዩ መሆኑ ጉድለት ሳይሆን መከላከያ ነው አሉ።

ይህ ለስንዴ አምራች አርሶ አደሮቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሰፊ ማሳ በአንድ የስንዴ ዝርያ ተሸፍኖ ያንን ዝርያ የሚያጠቃ አዲስ ዋግ ሲነሣ ምን እንደሚደርስ አርሲና ባሌ ያውቁታል። ኩብሳ የተባለው ዝርያ በ2010 በቢጫ ዋግ፣ ዲገሉ የተባለውም በ2013 በግንድ ዋግ ክፉኛ ተመትቷል። ዲገሉ የተስፋፋው ቢጫ ዋግን ስለ ተቋቋመ ነበር፤ መስፋፋቱ ራሱ ለሌላው ዋግ ሲሳይ አደረገው።

የሃልዴንን የወባ ግምት በመስክ ያረጋገጠው ማስረጃ የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በኬንያ ያደጉት ሐኪም አንቶኒ አሊሰን፣ በራሳቸው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው፣ ሲክል ሴል የተባለውንና ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠውን የዘር ባሕርይ አጠኑ። ተሸካሚዎቹ በባሕር ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ከመቶ ከ20 በላይ ሲሆኑ፣ ወባ በማይደርስባቸው ደጋማ ስፍራዎች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። በኡጋንዳ 290 ሕጻናትን መርምረው የወባ ጥገኛ በደማቸው የተገኘባቸው ከተሸካሚዎቹ መካከል 28 በመቶ፣ ከሌሎቹ መካከል 46 በመቶ መሆናቸውን አዩ። ከዚያም በ30 ጎልማሶች ፈቃድ ወባን ሆን ብለው ሰጧቸው፤ ተሸካሚ ካልሆኑት 15 ሰዎች 14ቱ ሲያዙ ከ15ቱ ተሸካሚዎች የተያዙት 2 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ1954 ታተመ። እንዲህ ያለው ሙከራ በዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር ሚዛን ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት መሆኑ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በኢጣሊያዋ የሰርዲኒያ ደሴትም ታላሴሚያ በቆላማው መንደር በዝቶ በተራራማው እንደሚያንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወጣ ጥናት ታወቀ።

የሲክል ሴል ተሸካሚ መሆን ከጽኑ ወባ በእጅጉ ቢጠብቅም ሙሉ ጋሻ አይደለም፤ ተሸካሚውም በአጎበር ሥር መተኛትና ትኩሳት ሲሰማው መመርመር ይኖርበታል። የጥገኛውም አጸፋ በዚሁ ስፍራ ታይቷል። በጋምቢያና በኬንያ ወባ በጸናባቸው ሕጻናት ላይ የተደረገና በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት፣ የሲክል ሴል ዘረ መል ያላቸውን ሕጻናት ለማጥቃት የሚያስችል የራሱ የዘረ መል ልዩነት ያለው የወባ ጥገኛ እንዳለ አሳይቷል። ደሙ ጥገኛውን ለመከላከል ተለወጠ፤ ጥገኛውም ለተለወጠው ደም ተለወጠ።

በዚህ እሽቅድምድም የሁለቱ ወገኖች ፍጥነት እኩል አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሁለት ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረምም ሆነ ቫይቫክስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ይራባሉ። የሰው አንድ ትውልድ 25 ዓመት ነው ቢባል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የወባ ጥገኛ ከ4,500 ጊዜ በላይ ይራባል። ከዚህም ሌላ ፋልሲፓረም በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚያወጣውን መለያ የሚሠሩ 60 ያህል ዘረ መሎች አሉት፤ ሰውነት አንዱን መለያ ለይቶ ማጥቃት ሲጀምር ወደ ሌላው ይዞራል። የሰው ልጅ ዘር በዚህ ፍጥነት ሊለወጥ ስለማይችል በእርሱ ፈንታ የሚለወጠው መድኃኒቱና መመርመሪያው ነው።

በሃልዴን የመጨረሻ ዓመታት፣ በ1950ዎቹ መገባደጃና በ1960ዎቹ መግቢያ፣ ክሎሮኩዊን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ የፋልሲፓረም ወባ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ ታየ። ቀስ በቀስም ወደ አፍሪካ ደረሰ። ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኩዊን መስጠትን በ1998 አቁማ ሌላ መድኃኒት ተካች፤ ያም በተላመደ ጊዜ በ2004 አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ወደተባለው ጥምር መድኃኒት ተሻገረች። ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን የተጣመረበት ምክንያት አንደኛውን ለመቋቋም የተለወጠ ጥገኛ በሁለተኛው እንዲሞት ነው። ታካሚው ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ የሦስቱን ቀን መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን ካቋረጠ፣ በደሙ የሚቀሩት በተሻለ ሁኔታ የተቋቋሙት ጥገኞች ናቸው።

መመርመሪያውም ከዚህ አላመለጠም። በብዙ የጤና ኬላዎች ሲያገለግል የኖረው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የፋልሲፓረም ጥገኛ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ፈልጎ የሚያገኝ ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው ጥገኞች በመመርመሪያው አይታዩም፤ ታካሚው ወባ የለብህም ተብሎ ያለ መድኃኒት ይመለሳል፤ ጥገኛውም በትንኝ አማካኝነት ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። እንዲህ ያሉ ጥገኞች በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝተዋል፤ በ2021 የወጣ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናትም ስርጭታቸው በምርመራው ሥርዓት ራሱ እየተገፋ መሆኑን አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ሳይታይ የሚያልፈው ሕመምተኛ ከ5 በመቶ ሲበልጥ አገሮች መመርመሪያቸውን እንዲለውጡ ይመክራል። በፈጣን ምርመራ ነጻ የተባለ ሰው ትኩሳቱ ካልለቀቀው ተመልሶ መምጣት ያለበትም ስለዚህ ነው፤ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ምርመራ ጥገኛውን በዓይን የሚያይ እንጂ ፕሮቲኑን የሚፈልግ አይደለም።

ከደም መከላከያዎች አንዳንዶቹ ሕክምናን ያወሳስባሉ። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ያነሰባቸው ሰዎች የዘር ባሕርያቸው ከወባ እንደሚጠብቃቸው ይታመናል፤ ነገር ግን በጉበት ውስጥ የሚደበቀውን የቫይቫክስ ጥገኛ ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ሊያፈርስ ይችላል። ይህንን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁሞ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበትን በር የሆነውን ደፊ የተባለ ፕሮቲን በተመለከተም፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ በሩ የለውም፤ በኢትዮጵያ ግን ያለውም የሌለውም አብረው ይኖራሉ። በሩ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ አይያዙም ተብሎ ለዓመታት ይታመን ነበር። ዛሬ እነርሱም በማዳጋስካርም ሆነ በአገራችን ሲያዙ መታየታቸው ጥገኛው ሌላ መግቢያ ሳያበጅ እንዳልቀረ ያመለክታል።

ሃልዴን ይህንን ሁሉ ለማየት አልበቁም። በ1957 ከባለቤታቸው ከሥነ ሕይወት ሊቋ ከሔለን ስፐርዌይ ጋር ብሪታኒያን ትተው ወደ ሕንድ ሄዱ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ አገራቸው በ1956 በስዊዝ ቦይ ጉዳይ በግብፅ ላይ የከፈተችውን ጦርነት መቃወማቸው ነበር። በካልካታ በሚገኘው የሕንድ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሠሩ፤ የሕንድ ልብስ ለበሱ፤ ሥጋ መብላት ተዉ፤ የሕንድ ዜግነትም ወሰዱ። ውድ መሣሪያ በሌለበት አገር ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ባለበት ሁሉ ሳይንስ ሊሠራ እንደሚችል ለወጣት ሕንዳውያን በተግባር አስተማሩ፤ ተማሪዎቻቸውን ዕጽዋትና ወፎችን እንዲቆጥሩ ይልኩ ነበር። በ1962 በኦሪሳ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ቡባነሽዋር ከተማ ተዛውረው የራሳቸውን የምርምር ማዕከል አቋቋሙ።

በ1964 መጀመሪያ በለንደን ሳሉ የታችኛው አንጀት ካንሰር ተገኘባቸውና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በዚያ ዘመን ሰው የካንሰርን ስም እንኳ ለመጥራት ይፈራ ነበር። እርሳቸው ግን በሆስፒታል ተኝተው ስለ በሽታቸው ቀልድ የበዛበት ግጥም ጽፈው በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት አሳተሙ። ግጥሙ ምልክት የታየበት ሰው ሳይፈራና ሳያፍር በጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የሚመክር ነበር። አንዳንድ አንባቢዎች በቀልዱ ተቀይመዋል። የአንጀት ካንሰር ቀድሞ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል መሆኑ ግን ዛሬም ያልተለወጠ እውነት ነው።

ለእርሳቸው ጊዜው አልፎ ነበር። በሽታው ተመልሶ ዲሴምበር 1 ቀን 1964 በቡባነሽዋር በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው አልተቀበረም፤ አልተቃጠለምም። ካኪናዳ በተባለችው የአንድራ ፕራዴሽ ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተወስዶ ለተማሪዎች መማሪያ ዋለ።